የወር አስቤዛን ዋጋ በትክክል ማወዳደር፦ ከቅዳሜ ገበያ እስከ ሱፐርማርኬት ካርድ፣ ለጎንደር ሸማች

«እዚያ ሱፐርማርኬት ይሻላል፣ እዚህኛው እሳት ነው» የማይል የጎንደር ሰው አላውቅም። ስንት በስንት ብላችሁ ስትጠይቁት ግን ነገሩ ይምታታል። አንዱን የገዛው ባለፈው ወር ነው፣ ሌላውን ዛሬ። አንዱ 400 ግራም ነው፣ ሌላው 500። አንዱ ጋ የሱቁን የደንበኝነት ካርድ አሳይቶ ተቀንሶለታል፤ ከስንት ላይ እንደተቀነሰ ግን አላየም።

እኔም ብዙ ጊዜ እንዲሁ ገዝቻለሁ። የተሳሳትኩት ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ነው፦ ካርዱን አስቀድሜ አወጣና ዋጋውን በኋላ አያለሁ። እዚህ ያለው ቅደም ተከተል ተቃራኒው ነው። ካርዱ እስከ ደረጃ 5 ድረስ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ከታች የምጠቅሳቸው የብር መጠኖች ስሌቱን ለማሳየት ብቻ ናቸው። የዕለቱን ዋጋ እናንተ ትሞላላችሁ።

ከቤት ሳትወጡ

እነዚህን አዘጋጁ፦

- ትንሽ ደብተርና እስክሪብቶ። ስልክ ላይ መጻፍም ይቻላል፤ ግን ባትሪ ሲያልቅና መብራት ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ደብተር አይረባም።
- ካልኩሌተር ያለው ስልክ።
- ያለፉት ሁለት ወራት ደረሰኞች።
- የወጥ ቤት ሚዛን። ከሌላችሁ ሚዛን ያለው የሰፈር ባለሱቅ ይበቃል። «ጋሼ፣ ይቺን አንዴ ትመዝንልኝ?» ቢባል እምቢ የሚል የለም።

ቀን ስትመርጡ ከበዓል ዋዜማ ራቁ። የጥምቀት ሰሞን ከተማው በእንግዳ ይሞላል፤ የዚያ ሳምንት ዋጋ የወሩን አይነግራችሁም። ዐቢይ ጾምም 55 ቀን ሙሉ ገበያውን ይገለብጠዋል፤ ቅቤና እንቁላል ፈላጊያቸው ይቀንሳል፣ ምስርና ዘይት ይፈለጋሉ። በጾም የተጻፈ የቅቤ ዋጋ ለፋሲካ አይሆንም። ስለዚህ ከየዋጋው ጎን ቀኑን ጻፉ፣ ጾም ከሆነም «ጾም» በሉበት።

ደረጃ 1፦ ዝርዝሩን ከደረሰኝ አውጡ

1. ደረሰኞቹን ጠረጴዛ ላይ ዘርጉ። የጉሊቱንና የወፍጮ ቤቱን ወጪ ደረሰኝ ስለሌለው በማስታወስ ጨምሩ።
2. ብዙ ብር የበሉትን 12 ዕቃዎች ክበቡ። ከዚያ አትለፉ። 30 ዕቃ ይዞ የወጣ ሰው ሦስተኛው ሱቅ ላይ ይሰለቸውና በግምት መሙላት ይጀምራል።
3. ከየዕቃው ጎን በወር የምትጨርሱትን መጠን ጻፉ። «ዘይት» አይበቃም፤ «ዘይት፣ 4 ሊትር» ይባል።
4. የዕቃውን ዓይነት ለዩ። ጤፉ ማኛ ነው፣ ነጭ ነው፣ ሰርገኛ ነው ወይስ ቀይ? ቅቤው ለጋ ነው ወይስ በሳል? ሩዙ የፎገራ ነው ወይስ ከውጭ የገባ?

አራተኛውን የሚዘል ሰው ብዙ ነው። ሰርገኛን ከማኛ ጋር አወዳድሮ «ቅዳሜ ገበያ ረከሰ» ይላል። የረከሰው ገበያው ሳይሆን ጤፉ ነው። ዓይነቱ ካልገጠመ መስመሩን ባዶ ተዉት።

ደረጃ 2፦ ሁሉንም ወደ ኪሎና ወደ ሊትር አምጡ

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ነው፤ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ስሌቱ አንድ ነው። ዋጋውን ለግራሙ አካፍሉ፣ በ1,000 አባዙ። የኪሎ ዋጋ ይወጣል። ለሊትርም በሚሊ ሊትር እንዲሁ ነው።

*የታሸገ ዕቃ*

መጀመሪያ ጥቅሉን ገልብጡና የተጣራ ክብደቱን ፈልጉ። ጠቅላላ ክብደት የሚለው ቆርቆሮውንና ጠርሙሱን ይጨምራል፤ እሱን አትጻፉ። ቱና ላይ ደግሞ ሁለት ቁጥር ልታገኙ ትችላላችሁ፤ አንዱ ከነዘይቱ፣ ሌላው ዘይቱ ተንጠፍጥፎ የቀረው ዓሣ ነው። የሁለቱንም ቆርቆሮ በአንድ ዓይነት ቁጥር አወዳድሩ።

ፓስታ ጥሩ ምሳሌ ነው። ሁለት እሽጎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ቁመታቸው አንድ ነው። አንዱ 75 ብር፣ ሌላው 64 ብር። ዓይን ወደ 64ቱ ይሄዳል። ገልብጡት። የ75ቱ 500 ግራም ነው፤ ኪሎው 150 ብር። የ64ቱ 400 ግራም ነው፤ ኪሎው 160 ብር። ርካሽ የመሰለው ተወደደ።

«ትልቁ ሁልጊዜ ይረክሳል» የሚለውንም አትመኑ። ባለ 5 ሊትር ዘይት 1,500 ብር ቢሆን ሊትሩ 300 ነው። ባለ 3 ሊትሩ 870 ቢሆን ሊትሩ 290 ነው። እንዲህ ያለው የሚያጋጥመው አንዱ አዲስ ዋጋ ተለጥፎበት ሌላው በድሮው ሲቀር ነው።

አንዳንዴ ደግሞ በስሌት የሚረክሰው በቤት ይወደዳል። የ400 ግራም ሳልሳ 120 ብር ቢሆን ኪሎው 300 ነው። የ70 ግራሟ 25 ብር ብትሆን ኪሎው ወደ 357 ይደርሳል። ለቤተሰብ ትልቁ ይሻላል። ብቻውን የሚኖር ተማሪ ግን ትልቁን ከፍቶ ግማሹን ሻጋታ ከበላበት ትንሿ አዋጥታዋለች።

*ዘይት፦ ሊትር ኪሎ አይደለም*

አንዳንዱ ጀሪካን በሊትር ይጻፍበታል፣ አንዳንዱ በኪሎ። የምግብ ዘይት ከውኃ ይቀላል፤ አንድ ሊትሩ ወደ 920 ግራም ይመዝናል። ስለዚህ «5 ሊትር» የሚለው ሲመዘን 4.6 ኪሎ ገደማ ነው። «5 ኪሎ» የሚለው ደግሞ ወደ 5.4 ሊትር ነው።

ወደ ሊትር ለመቀየር ኪሎውን ለ0.92 አካፍሉ። «5 ሊትር» 1,480 ብር፣ «5 ኪሎ» 1,560 ብር ቢባሉ፣ የመጀመሪያው ሊትሩ 296 ሲሆን የሁለተኛው 287 ነው። 80 ብር የተወደደው ጀሪካን ረከሰ ማለት ነው።

ባገለገለ ጠርሙስ ተቀድቶ የሚሸጥ የኑግ ዘይት ከሆነ ጠርሙሱ እስከ የት እንደተሞላ እዩ። አንገቱ ላይ የቀረው ባዶ ቦታ የእናንተ ብር ነው።

*ጣሳ*

ገበያ ውስጥ ሽሮ እህል፣ ምስርና ባቄላ በጣሳ ይሰፈራል። ጣሳ ግን መለኪያ እንጂ ሚዛን አይደለም። አንዷ ቆልላ ትሰፍራለች፣ ሌላዋ በእጇ ጠርጋ። ታቹ ወደ ውስጥ የጎበጠ ጣሳም አይቻለሁ፤ በአጋጣሚ የጎበጠ አይመስልም።

1. ከምትገዙበት ሻጭ አንድ ጣሳ ግዙ።
2. ሚዛን ላይ አድርጉ፤ የፌስታሉን ክብደት ቀንሱ።
3. ውጤቱን «የእትዬ ምስር፣ አንድ ጣሳ ይህን ያህል ግራም» ብላችሁ ጻፉ።
4. ለየእህሉ ድገሙት። አንድ ጣሳ ምስር የሚመዝነውን አንድ ጣሳ ሽሮ ዱቄት አይመዝንም።

ይህን የምትሠሩት አንዴ ነው። ሻጯ ጣሳ ከቀየረች ግን እንደገና።

መደብ ተደርጎ የሚሸጥ ቲማቲምና ድንችም ያው ነው። አንዱን መደብ ገዝታችሁ መዝኑት። ከላይ ያማሩት፣ ከታች የፈረጡት ከሆኑ የፈረጡትን አውጥታችሁ መዝኑ።

*መልቀምና መቁላት*

ሱፐርማርኬት ያለው የታሸገ ምስር ተለቅሟል። የገበያው ገና ነው። ስለዚህ የገበያውን ከነጠጠሩ ማወዳደር አይሆንም። ሁለት ኪሎ ገዝታችሁ ልቀሙት፤ የቀረውን መዝኑ። 1.9 ኪሎ ከቀረና የከፈላችሁት 320 ብር ከሆነ፣ የኪሎው ዋጋ 160 አይደለም፤ 168 ነው። ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ ገበያው ያሸንፋል። ቁጥሩ ግን እውነተኛው ይሁን።

ቡና ላይ ልዩነቱ የበለጠ ነው። ጥሬ ቡና ሲቆላ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ያጣል። ጥሬው ኪሎ 600 ብር ከሆነ፣ የተቆላው ኪሎ እስከ 750 ብር ወጣባችሁ ማለት ነው፤ ከሰሉ ሳይቆጠር። የታሸገ የተፈጨ ቡናን ከዚህኛው ጋር አወዳድሩ።

ሽሮ ከሆነ ደግሞ የእህሉን፣ የቅመሙንና የወፍጮውን ደምሩና በወጣው ዱቄት ኪሎ አካፍሉት። የእጃችሁን ድካም አልጨምርም፤ እሱን ከጨመርን ማንም ቤት ሽሮ አያስፈጭም።

ደረጃ 3፦ ዙሩን በአንድ ቀን ጨርሱ

የሐሙስን ዋጋ ከሚቀጥለው ማክሰኞ ዋጋ ጋር አታወዳድሩ። ቅዳሜ ይመቻል።

1. ጠዋት ቅዳሜ ገበያ ሂዱ። የገጠሩ ሰው ምርቱን ይዞ የሚገባው ያን ዕለት ነው። ቢያንስ ሦስት ሻጭ ጠይቁ፤ መካከለኛውን ዋጋ ጻፉ። የመጀመሪያው የተጠራ ዋጋ ዋጋ አይደለም፣ የጨዋታ መክፈቻ ነው።
2. ቀጥሎ የቀበሌያችሁን የሸማቾች ማህበር ሱቅ እዩ። ዘይትና ስኳር መኖሩን ጠይቁ፤ ከሌለ «የለም» ብላችሁ ጻፉ። የሌለ ዕቃ ርካሽ ዋጋ አይጠቅምም።
3. ከዚያ ሁለት ሱፐርማርኬት፣ አንዱ ፒያሳ አካባቢ፣ አንዱ ለቤታችሁ የቀረበ። ማራኪ ወይም አዘዞ የምትኖሩ ከሆነ የሰፈራችሁን አትዝለሉ።
4. መጨረሻ ላይ የዘወትር ባለሱቃችሁ።

በዙሩ ቀን አትግዙ። እጃችሁ ከሞላ ቶሎ ወደ ቤት መሄድ ታስባላችሁ። እሁድ ገበያ የሚቀርባችሁ ከሆነ እሱን በማግሥቱ ጨምሩ፤ የአንድ ቀን ልዩነት አይጎዳም።

ደረጃ 4፦ የተለጠፈውን ሳይሆን የሚከፈለውን ጻፉ

መደርደሪያ ላይ 185 የሚል አይቼ የወሰድኩት ዕቃ ካሸር ጋ 210 ሆኖ ያውቃል። ስጠይቅ «ታጉ ሳይቀየር ቀርቶ ነው» ተባልኩ። ካልጠየቅሁ ማን ሊነግረኝ ነበር? ከኋላዬ ሰልፍ ስላለ አፍሬ ከፍዬ የወጣሁባቸው ቀናትም አሉ፤ እነሱን አልቆጥራቸውም።

1. ዋጋው ከነቫቱ መሆኑን ጠይቁ። «ቫት ገብቷል?» ይበቃል። ቫት 15 በመቶ ነው፤ 200 ተብሎ የተጻፈ ቫት ያልገባበት ዕቃ 230 ይሆናል።
2. በንግድ ውድድርና ሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ነጋዴው ዋጋውን በግልጽ መለጠፍ አለበት፤ የሚለጠፈውም ዋጋ ታክሱን ያካተተ ነው። «ቫቱ ለብቻው ነው» ሲሏችሁ ይህን አስታውሱ፤ በጨዋ ቋንቋ ንገሯቸው።
3. ስትገዙ ደረሰኙን እዚያው ቆማችሁ አንብቡ። በተለይ ብዛቱን። ሁለት ወተት ሦስት ሆኖ ሊመታ ይችላል።
4. ልዩነት ካገኛችሁ ከካሸሩ ሳትርቁ ተናገሩ። «የኔ እህት፣ ይቺን እስቲ እዪልኝ፣ መደርደሪያው ላይ ሌላ ነው የሚለው» በሉ። ከበር ከወጣችሁ በኋላ ክርክሩ ይከብዳል።

*ቅናሽ የተለጠፈበት ዕቃ*

ቀይ ወረቀት ስታዩ ሁለት ነገር አጣሩ። አንደኛው የድሮው ዋጋ ነው። የተሰረዘው ቁጥር ባለፈው ወር ደብተራችሁ ላይ አለ ወይ? ከሌለ ቅናሹ በወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ሁለተኛው የማብቂያ ቀኑ ነው። የሚቀነሰው ዕቃ ብዙ ጊዜ ቀኑ የደረሰ ነው። ከውጭ የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር ይጻፍበታል፣ አንዳንድ የአገር ውስጥ ዕቃ ደግሞ በእኛ። በሁለቱ መካከል የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት ስላለ ዓመተ ምሕረቱን አይታችሁ የየትኛው እንደሆነ ትለያላችሁ። ወሩና ቀኑ ግን ያስቸግራል። 03/04 ሲል ሦስተኛው ወር ነው ወይስ አራተኛው? የተመረተበትን ቀን እዩ። እዚያ ከ13 የሚበልጥ ቁጥር ካለ ያ ቁጥር ቀኑ ነው፤ የማብቂያውም አጻጻፍ በዚያው ቅደም ተከተል ነው። ካልለየላችሁ ቀድሞ የሚያበቃውን ያዙና በዚያ ወስኑ።

ደረጃ 5፦ አሁን ካርዱን አውጡ

እስካሁን የሞላችሁት ደብተር ካርድ አያውቅም። በየዕቃው ማን እንደረከሰ ታያላችሁ። ካርድ መግባት ያለበት እዚህ ላይ ነው።

*መጀመሪያ ጠይቁ*

ካርድ የሚሰጥ ሱቅ ካላችሁ እነዚህን ጠይቁና መልሱን ጻፉ፦

1. ካርዱ ይሸጣል ወይስ በነጻ ነው? በየዓመቱ ይታደሳል?
2. የማይቀነስባቸው ዕቃዎች የትኞቹ ናቸው? በተለይ ዘይት፣ ስኳርና የዱቄት ወተት ይገባሉ?
3. በአንድ ጊዜ ቢያንስ የስንት ብር መግዛት አለብኝ?
4. ነጥብ ከሆነ፣ አንድ ነጥብ ስንት ብር ነው? ከስንት ነጥብ ጀምሮ ይመነዘራል? መቼ ይቃጠላል?
5. ባለቤቴ ወይም ልጄ ሊጠቀምበት ይችላል?
6. ስልክ ቁጥር ብቻ ነው የምትፈልጉት ወይስ መታወቂያም?

ካሸሩ ካላወቀ ኃላፊውን ጥሩ። «ብቻ ይቀንሳል» የሚል መልስ ወደ ቁጥር አይቀየርም፤ ቁጥር የሌለውን ካርድ ዜሮ ብላችሁ ያዙ።

*ወደ መቶኛ ለውጡ*

ቀጥታ ቅናሽ፦ 3 በመቶ የሚል ካርድ የሚሠራው በሚገቡት ዕቃዎች ላይ ብቻ ነው። የወሩ አስቤዛ 6,000 ብር ሆኖ ካርዱ የሚሠራው በ3,500ው ላይ ከሆነ፣ የተቀነሰላችሁ 105 ብር ነው። ይህ ከጠቅላላው 1.75 በመቶ ነው። ካርዱ 3 ይላል፣ ኪሳችሁ ግን 2 እንኳ አላየም።

የሚሸጥ ካርድ፦ የካርዱን ዋጋ ለመቶኛው አካፍሉ። በዓመት 300 ብር የሚከፈልበት ባለ 3 በመቶ ካርድ ወጪውን የሚመልሰው 10,000 ብር ስትገዙ ነው፤ ያውም ከሚገቡት ዕቃዎች። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ ለሱቁ ነው።

ነጥብ፦ በየ100 ብሩ አንድ ነጥብ፣ አንዱ ነጥብ አንድ ብር ከሆነ 1 በመቶ ነው። ምንዛሪው ከ200 ነጥብ የሚጀምር ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ 20,000 ብር መግዛት አለባችሁ። በወር 3,000 የምትገዙ ሰዎች ሰባተኛው ወር ላይ ትደርሳላችሁ። ነጥቡ በስድስት ወር የሚቃጠል ከሆነ መቼም አትደርሱም።

ዕጣና ሽልማት፦ ዜሮ በሉት። ቢደርሳችሁ እንኳን ደስ አላችሁ።

*ከዚያ አወዳድሩ*

ካርድ ባለው ሱቅ የዱቄት ወተት 1,000 ብር ነው፤ በ5 በመቶ 950 ይሆናል። ደረሰኙ ላይ «50 ብር ቆጥበዋል» የሚል ነገር ይታተምላችኋል። ካርድ የሌለው ጎረቤት ሱቅ ያንኑ ወተት በ920 ይሸጣል። ያ 50 ብር ቁጠባ ሳይሆን የ30 ብር ኪሳራ ነው።

ስለዚህ ሕጉ ይህ ነው፦ የካርዱን ዋጋ ከካርዱ ሱቅ የድሮ ዋጋ ጋር ሳይሆን ደብተራችሁ ላይ ካለው ዝቅተኛ ዋጋ ጋር አስተያዩ። ካርዱ ያሸነፈባቸውን ዕቃዎች ብቻ ክበቡ። ከ12ቱ ሦስት ቢሆኑ ለሦስቱ ተጠቀሙበት፤ ለቀሪዎቹ ዘጠኝ ታማኝነት አለብን እንዳትሉ።

*የእኛው ካርድ፦ ምራቂ*

የጉሊቷ ሴት ካርድ የላትም፤ ምራቂ ግን ትጨምራለች። እሱም ይቆጠራል። 5 ኪሎ ሽንኩርት ገዝታችሁ ቤት ስትመዝኑት 5.3 ኪሎ ከሆነ፣ ያ ከ5 በመቶ በላይ ቅናሽ ነው። ለደንበኝነት ክፍያ የለውም፣ አይቃጠልም።

ዱቤ ግን ሌላ ነው። ባለሱቁ በእጅ 80 የሚሸጠውን በዱቤ 85 ከጻፈባችሁ፣ 5 ብሯ የወሩ ወለድ ናት፤ 6 በመቶ ያልፋል። ሱፐርማርኬት ሄዳችሁ 3 በመቶ በካርድ አስቀንሳችሁ እዚህ 6 ከከፈላችሁ ወደ ኋላ ሄዳችኋል። የዱቤውን ዕቃ በደብተሩ ላይ በዱቤ ዋጋው ጻፉት።

የሸማቾች ማህበር አባል የሆናችሁ ደግሞ የትርፍ ክፍፍል ካለ እንዴት እንደሚሰላ ጠይቁ። በገዛችሁት መጠን ወይስ በአክሲዮናችሁ? እሱም ከካርድ የሚቆጠር ነው።

ደረጃ 6፦ ባጃጁንና ፍሪጁን ቀንሱ

1. የደርሶ መልስ ትራንስፖርቱን ጻፉ። 60 ብር ለማትረፍ 40 ብር ባጃጅ ከፍላችሁ ከሆነ ያተረፋችሁት 20 ብር ነው። ጎንደር ኮረብታ ናት፤ «በእግሬ እመለሳለሁ» ያለ ሰው ባለ 5 ሊትር ዘይት ይዞ ዳገት ሲያይ ሐሳቡን ይቀይራል። ዕቃ ሲኖር ባጃጁ ኮንትራት ሊሆን እንደሚችልም አስቡ።
2. የምትጥሉትን ቀንሱ። በርካሽ ገዝታችሁ ሩቡ የሚበላሽባችሁ ቲማቲም ርካሽ አይደለም።
3. መብራት በሚጠፋበት ሰሞን የበረዶ ሥጋና ዶሮ በብዛት አትግዙ፣ በካርድ ቢቀነስም። ጥቅሉ ውስጥ በረዶው ቀልጦ እንደገና ተጋግሮ ካያችሁ፣ የሱቁ ፍሪጅ ጠፍቶ ነበር ማለት ነው። መልሱት።

ደረጃ 7፦ ከፋፍላችሁ ግዙ

ሁሉንም ከአንድ ቦታ የሚያረክስ ሱቅ የለም። ከሁለት ቦታ በላይ መዞር ደግሞ ባጃጁ ይበላዋል። እኔ ጋ እንዲህ ሆኖ ረግቷል፦ እህል፣ ሽንኩርትና ጥሬ ቡና ከቅዳሜ ገበያ፤ የታሸገውን ካርዱ ካሸነፈበት ሱፐርማርኬት፤ የጎደለውን ከሰፈር። የእናንተ ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ደብተሩ ይናገር።

ጤፍ በኩንታል ለመግዛት አቅም ካልደረሰ ከሁለት ጎረቤት ጋር ተካፈሉ። 100 ኪሎውን በሚዛን ተካፈሉ እንጂ በዓይን አይሁን፤ ጉርብትና በጤፍ ሲበላሽ አይቻለሁ። ጊዜው ደግሞ አዲሱ ምርት ወደ ገበያ ከገባ በኋላ፣ ጥርና የካቲት አካባቢ ይሁን። ክረምት ላይ የሚገዛ ሰው አማራጭ ያጣ ነው።

ዙሩን በየወሩ አትድገሙት። በየሦስት ወሩ ይበቃል። መሃል ላይ አምስቱን ዋና ዋና ዕቃዎች ብቻ እግረ መንገዳችሁን እዩ።

አንድ ነገር ሲበላሽ

*ዘበኛው «ፎቶ አይቻልም» አለ።* ስልኩን አስገቡ፣ በደብተር ጻፉ። መጻፍን ከከለከሏችሁም በሦስት በሦስት ዕቃ እየወጣችሁ ጻፉ። እኔ አንዴ መዳፌ ላይ ጽፌ ወጥቻለሁ፤ ላብ አጠፋው እንጂ።

*መብራት ወይም ኔትወርክ ጠፍቶ ካርዱ አልሠራም።* ሁለት ምርጫ አለ። ካልቸኮላችሁ ዕቃውን አስቀምጡና ተመለሱ። ከቸኮላችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ነጥቡ በኋላ ይሞላ እንደሆነ ኃላፊውን ጠይቁ፤ በእጅ በተጻፈው ደረሰኝ ጀርባ አስፈርሙት። በቃል «ይሞላልሻል» ተብሎ የተሞላ አላየሁም።

*ቅናሹ ደረሰኝ ላይ አልወጣም።* ደረሰኙ ከተቆረጠ በኋላ ማስተካከል ይከብዳቸዋል። ስለዚህ ካርዱን ዕቃው መመታት ሳይጀምር ስጡ፤ ጠቅላላው ሲነገራችሁ ቅናሹ መግባቱን ጠይቁና ከዚያ ክፈሉ።

*ተከራክራችሁ እምቢ አሏችሁ።* ዕቃውን ተዉት። ከፍላችሁ ከሆነ ደረሰኙንና የመደርደሪያውን ዋጋ ፎቶ ይዛችሁ ለከተማው ንግድና ገበያ ልማት መምሪያ አመልክቱ። ያለ ደረሰኝ አትሂዱ።

*ደብተሩ ላይ ያለው ቁጥር የማይታመን ሆነ።* አንዱ ዕቃ ከሌላው ሱቅ በግማሽ ከረከሰ መጀመሪያ ራሳችሁን ጠርጥሩ። ወይ ግራሙን ተሳስታችኋል፣ ወይ ዓይነቱ ሌላ ነው፣ ወይ ቀኑ አልፏል። ሦስቱም ካልሆኑ ሁለት ገዝታችሁ ቅመሱት፤ ደህና ከሆነ ለሚቀጥለው ዙር ይጻፍ።

*ዙሩን ሳትጨርሱ መሸ።* የቀረውን በግምት አትሙሉ። ባዶ ተዉትና በማግሥቱ ቀጥሉ። ከሁለት ቀን ካለፈ ግን ያንን ዓምድ ሰርዙና እንደ አዲስ ጀምሩ።